አዲስ አበቤዎች ሆይ፣ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ወደ እንጦጦ!

እንዲህ ያለ ሀብት ከአናታችን በላይ ተቀምጦ ሳለ ለዕረፍት የት እንሂድ ብለን መጨነቃችን ይገርመኛል! የማወራው ስለ የካና ስለ እንጦጦ ጋራዎች ነው፤ ያውም በብስክሌት። ከመገናኛ ተነስቶ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል የሚያወጣው፣ ከዚያም የጋራውን ጀርባ ይዞ በባሕር ዛፉ መሐል ወደ ምዕራብ የሚጓዘው፣ በመጨረሻም እንጦጦ ማርያምንና እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልሞ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚንደረደረው ጉዞ በዚህች ከተማ ሰው በአንድ ቀን ሊያገኘው ከሚችለው ደስታ ሁሉ ይበልጣል። አላጋነንኩም። ታሪክ አለው፤ ጫካ አለው፤ ንጹሕ አየር አለው፤ እግርን የሚፈትን አቀበትና ልብን የሚያንሳፍፍ ቁልቁለት አለው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከቤታችን ደጃፍ ይጀምራል። የአውሮፕላን ትኬት የለ፣ ቪዛ የለ፣ ሻንጣ የለ!

ብዙ ሰው እንጦጦን የሚያውቀው በመኪና ወጥቶ፣ ከተማዋን ቁልቁል አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ በመመለስ ነው። በመኪና ሲሄዱ ጋራው ሳይታይ ያልፋል፤ በእግር ሲሄዱ ደግሞ ግማሹ ሳይደረስ ቀኑ ይመሻል። ብስክሌት ግን መጠኑን የጠበቀ ነው። የቅዳሴው ዜማ እስኪሰማ ድረስ ዝግ ይላል፤ ከአንዱ ታሪካዊ ሥፍራ ወደ ሌላው በአንድ ቀን ለማድረስ ደግሞ ይፈጥናል። ጋራውን በብስክሌት ያየ ሰው ይህች ከተማ ለምን እዚህ እንደ ተቆረቆረችና ለምን እዚሁ እንደ ቀረች በጉልበቱ ይረዳዋል። ከመጽሐፍ የተማርነው ሁሉ እዚያ ላይ አቀበትና ቁልቁለት፣ ነፋስና ጥላ ሆኖ ይጠብቀናል።

የወርቅ አገሮች ያደረጉት

ለመሆኑ ሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ታሪካዊ መሬት ሲኖረው ምን ያደርጋል? በኒውዚላንድ፣ ኦታጎ በሚባለው ግዛት፣ ጋብሪኤል ሪድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1861 ወርቅ አገኘና አገሩ በወርቅ ፈላጊ ተጥለቀለቀ። ከጊዜ በኋላ ወርቁ ተመናመነ፤ ሰዉም ተበተነ። በዚያ አገር የተዘረጋው የባቡር መስመርም በተራው ሥራ አቆመ። የአገሩ ሰዎች ግን ሐዲዱን ነቅለው መሬቱን ለብስክሌት አመቻቹትና እ.ኤ.አ. በ2000 ከፈቱት። ርዝመቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው እየመጣ ብስክሌት ይከራያል፤ በየመንደሩ እያደረ፣ አሮጌ ድልድዮችንና የወርቅ ቆፋሪዎችን መንደሮች እያየ ቀናት ያሳልፋል። ባቡር ሲቀርባቸው ሊጠፉ የነበሩ ትንንሽ ከተሞች በብስክሌተኛ እንግዳ ነፍስ ዘሩ።

በአውስትራሊያም እንዲሁ ነው። በቪክቶሪያ ግዛት ባላራትና ቤንዲጎ እ.ኤ.አ. በ1851 የወርቅ ጥድፊያ የተነሳባቸው ከተሞች ናቸው። ዛሬ በዚያ የወርቅ አገር በጫካና በአሮጌ የማዕድን ጉድጓዶች መሐል የሚያልፍ 210 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግረኛና የብስክሌተኛ መንገድ አለ። እነሱ የተተወ ጉድጓድና የተነቀለ ሐዲድ ይዘው ይህን ካደረጉ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘውድ የጫነበት ጋራ ያለን እኛ ምን ልናደርግ እንደምንችል አስቡት!

የሚገርመው ደግሞ የእነሱ የወርቅ አገርና የእኛ ጋራ ሥር ለሥር የተገናኙ መሆናቸው ነው። እንጦጦን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ትውልዱ ታዝማኒያና ደቡባዊ ቪክቶሪያ ነው። ከዚያው ከወርቁ አገር ማለት ነው! ፈርዲናንድ ፎን ሙለር የተባለ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ የቪክቶሪያ መንግሥት የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኖ ሲሠራ የዚህን ዛፍ ጠቀሜታ ለዓለም እየሰበከ፣ ዘሩንም ወደየአህጉሩ እየላከ እንዲስፋፋ አድርጓል። በዚያ ዘመን በቪክቶሪያ የወርቅ ቆፋሪዎች ጉድጓዱ እንዳይናድ ለድጋፍ፣ ለእንፋሎት ሞተራቸው ደግሞ ለማገዶ የአካባቢያቸውን ደን ይጨፈጭፉ ነበር። እዚያ ወርቅ ደን በላ፤ እዚህ ግን የዚያ አገር ዛፍ ደን ሆኖ ከተማ አተረፈ። በጫካው መሐል ፔዳል እየመታሁ ይህን ሳስብ ልቤ በደስታ ይዘላል።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም የቪክቶሪያ ዋና ከተማ በሆነችው፣ በወርቅ ሀብት ባደገችው በሜልቦርን ነው። ያኔ የሄደው ቡድናችን ሯጮች ብቻ የያዘ አልነበረም። ብስክሌተኞችም ነበሩበት! ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች የአገራችንን ስም ይዘው የወጡት ገና የአበበ ቢቂላ ዘመን ሳይመጣ ነው። ብስክሌት ለእኛ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የኦሊምፒክ ታሪካችን በር ከፋች ነው።

ዘውድ የተጫነበት ጋራ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ተነስተው መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። ጋራውን የመረጡት ለመከላከል ስለሚመች ብቻ አልነበረም። የቀደሙ ነገሥታት ከተማ እዚህ ነበረ የሚል ትውፊትም ነበር። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሳለው የዓለም ካርታ ላይ «በረራ» የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተመልክታለች። ሥፍራዋ የት እንደ ነበረ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ስማቸው ከሚነሳ ቦታዎች አንዱ ደግሞ ይኸው ጋራ ነው። የብስክሌቴ ጎማ በየትኛው ንጉሥ ደጅ ላይ እያለፈ ይሆን እያሉ መጓዝ ምን ያህል ደስ እንደሚል የሚያውቀው የተጓዘበት ብቻ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም እዚያው አለ። አጠገቡ ያለው ሙዚየም የዘመኑን ቅርሶች ይዟል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ የምኒልክና የጣይቱ ቤተ መንግሥት በኖራ በተለሰነ ግድግዳውና በሣር ክዳኑ ቆሟል። ከወለጋ በግብር የሚመጣው ወርቅ ወደ ምኒልክ ግምጃ ቤት ይገባ የነበረበት ዘመን ነው። ያን ወርቅ ሲቀበል የነበረ መንግሥት የተቀመጠው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መሆኑን ሳይ ለዚያ ትውልድ ያለኝ አክብሮት እጥፍ ሆነ። ወርቁ በግድግዳው ላይ የለም፤ ወደ አገር ሥራ ሄዷል።

እንጦጦ ግን ብርድ አለበት፤ ነፋስ አለበት፤ ውኃና ማገዶ ያንሰዋል። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍልውኃ አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ተባለ። ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። ከተማዋ ስታድግ ዙሪያዋን የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ፍለጋው እየራቀ ሄደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከተማዋን ትተው በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባ ልትቀር ነበር!

ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን ገባ፤ ለማስገባቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው የምኒልክ ፈረንሳዊ አማካሪ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጣና ይደርሳል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሕዝቡ በየግቢውና በየጋራው ተከለው። እንጨቱ ተገኘ፤ የድንጋይ ሕንፃውም እየበዛ ሄደ፤ መናገሻነቷም ጸና። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እኛ ዛሬ አራት ኪሎ፣ መገናኛ፣ ቦሌ እያልን የምንኖርባት ከተማ በዚያ ዛፍ ጉቶ ላይ የቆመች ናት ቢባል ውሸት አይደለም። ብስክሌቱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሲያልፍ የሚነሳው ሽታ የከተማችን የልደት ሽታ ነው!

ጉዞው

እንግዲህ እንውጣ። ከመገናኛ ወደ የካ ሚካኤል፣ ከዚያም ወደ ላይ። የመጀመሪያው አቀበት ወዲያው ይጀምራል፤ ማርሹን ወደ ቀላሉ ማውረድና ትንፋሽን መቆጠብ ያስፈልጋል። ቤቶቹ እየሳሱ፣ ድምፁ እየራቀ፣ ጫካው እየጠጋ ይመጣል። የታክሲ ረዳት ጩኸት ከሚሰማበት ቦታ ተነስቶ የወፍ ድምፅ ብቻ ወደሚሰማበት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ለማመን የሚያስቸግር ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ዋሻ ሚካኤል ይገኛል፤ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊቱ ወደ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ የታሪክ አጥኚዎች ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ዘመን እንደ ተሠራ ይገምታሉ። ጣሪያው ፈርሷል፤ ግድግዳዎቹ፣ በሮቹና መስኮቶቹ ግን ከአለቱ ጋር አንድ እንደ ሆኑ ቆመዋል። ላሊበላ ለመሄድ ገንዘብ የምናጠራቅም ሰዎች ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ እንዳለን ስንቶቻችን እናውቃለን? ብስክሌቱን አቁሞ፣ ጫማ አውልቆ፣ የአለቱን ግድግዳ በእጅ ዳስሶ መጥረቢያው ያሳረፈውን ምልክት ማየት ብቻውን ለአቀበቱ የሚበቃ ክፍያ ነው።

ከዋሻ ሚካኤል በኋላ የጋራውን ጀርባ ይዞ ወደ ምዕራብ መጓዝ ይጀመራል። ይህ የጉዞው ነፍስ ነው! መንገዱ አንዴ ቀይ አፈር፣ አንዴ ጠጠር፣ አንዴ ቅጠል የተነጠፈበት ለስላሳ መሬት ይሆናል። በግራ በኩል በዛፉ ክፍተት አዲስ አበባ ከነሕንፃዎቿ ተዘርግታ ትታያለች፤ በቀኝ በኩል የሱሉልታ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል። ይህ ጀርባ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በደቡቡ ቁልቁለት የወረደ ዝናብ በቀበናና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። በሰሜኑ ቁልቁለት የወረደው በሙገር በኩል አባይን ይቀላቀልና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በጋራው አናት የወደቁ ሁለት ጎረቤት ጠብታዎች አንዱ አፋር በረሃ፣ ሌላው ካይሮ! ፊተኛው ጎማ በአባይ ተፋሰስ፣ ኋለኛው ጎማ በአዋሽ ተፋሰስ ሆኖ የሚቆምበት ቦታ በዓለም ላይ ስንት ዋና ከተማ አለው?

ስለ ከፍታው ደግሞ ልንገራችሁ። የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትርን አልፎ ወደ 3200 ሜትር ይደርሳል። የዓለም ታላቁ የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ የወጣው ከፍተኛው መንገድ ቦኔት የሚባለው የአልፕስ ተራራ ላይ ያለው ሲሆን 2802 ሜትር ነው። ልብ በሉ! እኛ ለቅዳሜ ጠዋት ሽርሽር የምንወጣበት ጋራ የቱር ደ ፍራንስ ጀግኖች በውድድሩ ከወጡት ከፍታ ሁሉ በላይ ነው። በ3000 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ለዚህ ነው ልብ ከበሮ የሚመታው። ሯጮቻችን ማለዳ በዚህ ጫካ ሲሮጡ የምናያቸውም ለዚሁ ነው። ከኋላ መጥተው፣ ፔዳል የሚመታውን ሰው በእግራቸው አልፈውት ሲሄዱ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው! እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሕዝብ ብዙ ጽጋቡዎችን የማያፈራበት ምክንያት የለም።

በዚህ መንገድ ላይ ግን ከማንም በላይ ክብር የሚገባቸው ሌሎች ናቸው። ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከጋራው ወደ ከተማው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል፤ ወገባቸው ተቆልምሞ፣ ዓይናቸው ከመሬት ሳይነሳ ቁልቁለቱን በጥንቃቄ ይረግጣሉ። የአዲስ አበባ ምድጃ ለስንት ዘመን የነደደው በእነሱ ወገብ ነው። ከብስክሌት ወርዶ፣ መንገድ ለቅቆ፣ «እንደምን አረፈዱ እናቴ» ማለት የዚህ ጋራ የመጀመሪያው ሕግ ሊሆን ይገባዋል። ያን ሁሉ ሸክም ተሸክመው ሳለ «በርታ ልጄ፣ አቀበቱን ጨርሰኸዋል!» ብለው የሚያበረታቱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ደግነት የት ይገኛል? ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳነ ስንል ዛፉን ከጋራው ወደ ምድጃው ያወረደውን የሴቶች ጉልበት አብረን መጥራት አለብን። የሸክሙን ሥራ ትተው ወደ ሽመና የገቡ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩት ነጠላና ፎጣ አለ፤ ወደ ከተማ ስንመለስ ከእነሱ መግዛት የጉዞው አካል ይሁን።

ወደ እንጦጦ እየቀረብን ስንመጣ ጫካው መልኩን ይለውጣል። ባሕር ዛፉ በሳሳበት ቦታ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ቀጋ ብቅ ይላሉ። ባሕር ዛፍ ከተማዋን ቢያድንም ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ዕፅ እንደ ልብ አያበቅልም። ስለዚህ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ በዚህ ጋራ ላይ ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል፤ ውጤቱም በዓይን ይታያል። አገር በቀል ዛፍ ባለበት ወፉ ይበዛል፤ መሬቱ ይረጥባል፤ ጥላው ይወፍራል። ማለዳ ላይ በጸጥታ የሚጓዝ ሰው የምኒልክ ድኩላን ሊያይ ይችላል። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራ ድኩላ ነው! መኪና እያጓራ የሚያባርረውን እንስሳ ብስክሌት ሳያስደነግጥ ይደርስበታል።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ ለጀማሪ የተሰጠ በረከት ነው። በጫካው ውስጥ የተሠሩት መሄጃዎች ልጅ ይዞ ለመጣ ቤተሰብ፣ ብስክሌት ለረሳ ጎልማሳ፣ አቀበት ለሚፈራ ሁሉ ይመቻሉ። ከፍ ብሎ በጋራው አናት ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ጉልላቶች ይታያሉ፤ በየውስጣቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለት ቴሌስኮፕ አለ። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የምትልከውን መረጃ ይቀበል የነበረው ጣቢያም የተተከለው እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። በአንድ ጠዋት፣ በራስ ጉልበት፣ ከአለት ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ የሳተላይት ጣቢያ ድረስ! እንዲህ ያለ ጉዞ ሌላ ቦታ ካለ አሳዩኝ።

ከራጉኤልና ከማርያም በኋላ ቁልቁለቱ ይመጣል። ጠመዝማዛው አስፋልት ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ነፋሱ ጆሮ ውስጥ ያፏጫል፤ ከተማዋ በየመታጠፊያው ትልቅ እየሆነች ትቀርባለች። ሁለቱንም ፍሬን በዝግታ መያዝ ነው እንጂ መልቀቅ አይገባም። ታች ሲደረስ የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቆች በነጭ ጥበባቸው ይቀበላሉ። እዚያ አንድ ስኒ ቡና፣ ትኩስ ሻይ፣ ወይም በስሙ መሠረት ሽሮ! ከአቀበት በኋላ የሚበላ ሽሮ ጣዕሙ ሌላ ነው።

ለሚወጣ ሰው

መውጫው ጊዜ ከመስከረም እስከ የካቲት ነው። መስከረምና ጥቅምት ጋራው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ሰማዩም ጥርት ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ ጉሙም መንገድ ያሳስታል። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት፣ ጀምበር ሳትጠልቅም ወርዶ መጨረስ ነው። ብቻ ከመሄድ ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ቢታከል ደግሞ የተሻለ ነው። ወፍራም ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ያስፈልጋል። ከመነሳት በፊት ፍሬኑንና ካቴናውን ማየት፣ የራስ ቁር ማድረግ፣ ፖምፓና የጎማ መለጠፊያ መያዝ ግድ ነው፤ ጋራው ላይ ጎሚስታ የለም። ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ከላይ ብርድ ስላለ ቀለል ያለ ጃኬት ይበቃል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ዘመድ ካለ አየሩን እስኪለምድ ጥቂት ቀን ይታገስ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት፣ ለጠበልተኞች መንገድ መልቀቅ፣ የተጠቀሙበትን ፕላስቲክ ይዞ መመለስ የጨዋ ደንብ ነው።

እስከ ጋራው እግር መድረሱም ከቀድሞው ቀሏል። በኮሪደር ልማቱ በብዙ የመዲናዋ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። እንግዲህ መስመሩን ለጌጥ አንተወው፤ ጎማ ይርገጠው!

ይህን የቀመሰ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ሕልም ማለሙ አይቀርም። እኔ የማልመው የምኒልክ መናገሻዎችን በብስክሌት ማያያዝ ነው፦ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በሆለታ አድርጎ ወደ አዲስ ዓለም። አዲስ ዓለም ከመዲናዋ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቤተ መንግሥት ሊሆን ተጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ግቢም ጎብኚውን ይጠብቃል። አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ባትድን ኖሮ ዋና ከተማችን ይሆን የነበረውን ቦታ በራስ ጉልበት ሄዶ ማየት፣ እዚያ አድሮ መመለስ፣ ይህ ነው የዕረፍት ጉዞ! ከከተማ ወጣ ከማለት በፊት የመንገዱን ደኅንነት ጠይቆ መነሳት ያስፈልጋል፤ ሰላሙ ሲሰፋ ይህ መንገድ የአገሪቱ ኩራት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

የቀረው የእኛ ፈንታ ነው። የየካ ክፍለ ከተማና የከተማዋ የቱሪዝም ኃላፊዎች ከዋሻ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን መንገድ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በተጻፈ ምልክት ያመልክቱት፤ በየሥፍራው ታሪኩን የሚነግር አንድ ሰሌዳ ይትከሉ። የጋራው ወጣቶች ብስክሌት የሚያከራዩበት፣ የሚጠግኑበትና እንግዳ የሚመሩበት ሥራ ይከፈትላቸው፤ ጭራሮ የሚሸከሙ እናቶችም ለተጓዡ ሻይና ዳቦ የሚሸጡበት ጥላ ያለው ቦታ ያግኙ። ኦታጎ በተነቀለ ሐዲድ የሠራውን እኛ በዘውድና በዛፍ ታሪክ ልንሠራው እንችላለን። እናንተ አንባቢዎች ግን ምልክት እስኪተከል አትጠብቁ። በረንዳ ላይ አቧራ የጠጣውን ብስክሌት አውጡ፤ ጎማውን ንፉ፤ ካቴናውን ዘይት ቀቡ፤ በዚህ ቅዳሜ ወደ የካ ውጡ!